ተካልኝ የሞተው በድንገተኛ ሕመም አይደለም

ወንድሜ ተካልኝ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ፣ አድነው በሚባል ሰው ምግብ ቤት ውስጥ የሺሻ ከሰል ያዥ ነበር። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከሕይወት ታሪኩ ላይ እንድሰርዛት ሽማግሌ ተልኮብኛል። ስለዚህ ከእሷ እጀምራለሁ።

ቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ አንድ ገጽ ብዙ አይዝም። እኔ የምሠራው በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩትም ሰነድ መጠበቅ ነው። ስለ እሱ ምንም ያልተጻፈለት ሰው ከጊዜ በኋላ ምን እንደሚሆን በሥራዬ አይቻለሁ። ለዚህ ነው አሁን ረዘም አድርጌ የምጽፈው። ዓመቶቹን እዚሁ ናይሮቢ እንደምንቆጥራቸው አድርጌ አስቀምጣለሁ።

ተካልኝ የተወለደው ነቀምት ነው። አባታችን የሚስዮን ክሊኒክ ድሬሰር ነበሩ። ትምህርቱን እንደጨረሰ ጦር ሠራዊት ገብቶ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆነ። በ1991 ሠራዊቱ ሲበተን በሞያሌ በኩል ኬንያ ገባ። ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ጽጌረዳን አገኛት፤ ናይሮቢ መጥተው ተጋቡ። መጀመሪያ ኢምባካሲ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለ መጋዘን ዕቃ ይጭን ነበር። ወገቡን ሲጎዳ ያለ ካሳ አሰናበቱት። አድነው የቀጠረው በ1995 ነው።

የሺሻው ክፍል ከምግብ ቤቱ ጎን የተቀጠለ፣ ድሮ መኪና ማቆሚያ የነበረ ቤት ነው። አንድ በርና አንድ መስኮት አለው። በሩ ወደ ጓሮ፣ መስኮቱ ወደ መንገድ ይከፈታል። ይህን አስተውሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የመስኮቱ ነገር ነው።

ከሰል ሁሉ አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለወጥ አንድ ሊሆን ይችላል፤ በከሰሉና በሰውየው መሀል ድስት አለ። ሺሻ ላይ ግን ከሰሉን ከትንባሆው የሚለየው የተበሳሳ ፎይል ብቻ ነው፤ ከሰሉ የተነፈሰውን ሁሉ ሰውየው በቱቦ ይስበዋል። ተካልኝ ይህ ከገባው በኋላ በከሰል ቀልድ አያውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ካዋንግዋሬ ገበያ ወርዶ ይመርጥ ነበር። የሚፈልገው የግራር ከሰል ነው። ሁለት ቁራጭ አንስቶ እርስ በርስ ያጋጫል፤ እንደ ብረት ጥርት ብሎ ከጮኸ ደርቋል፣ ድምፁ ከታፈነ ውሃ ይዟል። ከዚያ ይሰብረዋል፤ ስባሪው ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ከሆነ በስሏል፣ መሀሉ ቡናማ ከሆነ ገና እንጨት ነው፣ ይጨሳል። ቅርፊት ያለበትንና እንደ ቡሽ የቀለለውን ይመልሳል። ከሰል ሻጯ እስከ ክንዱ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ሲያገላብጥ ስታየው፣ ሚስት ነው ወይስ ማካ የምትመርጠው ትለዋለች፤ በስዋሂሊ ከሰል ማካ ነው። ሚስትማ አንዴ ተመርጣለች፣ ማካ ነው በየሳምንቱ የሚያስቸግረኝ ይላታል።

ምግብ ቤቱ ሲደርስ በትንሽ በትንሹ ይፈልጠውና ጓሮ፣ ሰማይ ሥር፣ ጂኮ በምንለው የኬንያ ምድጃ ላይ ያቀጣጥለዋል። ጥቁር ነጥብ እስኪጠፋና ፍሙ ስስ አመድ እስኪለብስ ድረስ ማንም ቢጮህበት አያነሳውም። ከዚያ አመዱን እፍ ብሎ፣ በጉጠት ይዞ፣ ፎይሉ ላይ ዳር ዳሩን ያስቀምጠዋል። መሀል ላይ ከተከመረ ትንባሆው ያርራል፣ ጉሮሮ ይልጣል። በየጊዜው እየመጣ ያዞረዋል። የደከመውን አንስቶ ወደ ጓሮ ያወጣል እንጂ ትርፍ ፍም ክፍሉ ውስጥ አያስቀምጥም። መስኮቱንም አይዘጋም። አመድ የለበሰ ፍም ባይጨስም የሚገድል ጋዝ እንዳለው ያውቃል። ልጆች ሳለን አባታችን ከሰል የመታቸውን ሰዎች ተሸክመው ወደ ሜዳ ሲያወጡ ሁለታችንም አይተናል።

አድነው አንድ ጊዜ ክብሪት ሲነካው ብቻውን የሚቀጣጠል ክብ ከሰል በካርቶን ገዝቶ መጣ፤ ከዱባይ የመጣ ነው፣ ጊዜ ይቆጥባል አለ። ተካልኝ አንዱን ለኩሶ ወደ አፍንጫው አስጠጋለት። አድነው ሲያስነጥስ፣ ይህን ለአዲስ ዓመት ርችት አስቀምጠው አለው። የዚያን ጊዜ አድነው ይሰማው ነበር።

ደንበኞቹ የማዕድን ሚኒስትር ይሉታል። ፍሙ ሲደክም «ክቡር ሚኒስትር፣ ኃይል ተቋረጠ» ብለው ይጣራሉ። እሱም «በጀቱ እስኪጸድቅ ይታገሡ» እያለ ጉጠቱን ይዞ ይመጣል። አጥብቆ የሚስብ ሰው ካየ፣ «ጋሼ፣ ቀስ፤ ቤንዚን አይደለም የሚስቡት» ይላል። ይወዱት ነበር። ይወዱት እንደነበር መጻፍ አለብኝ፤ ከወደዱት በኋላ ያደረጉትን ነገር የሚያነብ ሰው ጠላቶቹ መስለውት እንዳይሳሳት።

እነዚህ ደንበኞች እነማን ናቸው? የድርጅት ሠራተኞች፣ የአየር መንገድ ሰዎች፣ አሜሪካ ካለ ዘመድ ገንዘብ የሚመጣላቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ወንዶች። ቤተ ክርስቲያናችን ሺሻ አይፈቅድም። አምልኮ አልቆ ምሳ ከተበላ በኋላ ለሚስቶቻቸው ኳስ ልናይ ነው ብለው ይወጡና ወደ አድነው ጓሮ ይገባሉ። ማጨሳቸው አይደለም ያናደደኝ። አዋቂዎች ናቸው፣ ሳንባው የራሳቸው ነው። ያናደደኝ መስኮቱን መጥላታቸው ነው።

በ1997፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ የሺወርቅ የምትባል የቤተ ክርስቲያናችን እህት ማታቱ በምንለው ሚኒባስ ስታልፍ በዚያ መስኮት ባሏን ቱቦ አፉ ውስጥ ከትቶ አየችው። ባሏ ዘገዬ ነው፤ ሽማግሌ ነው፣ የለቅሶ ኮሚቴውም ሰብሳቢ። የሺወርቅ አልጮኸችም። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርዳ ተመለሰችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሚሪንዳ አዘዘች፣ ቀስ ብላ ጠጥታ ጨረሰች፣ ሂሳቡን እሱ ይክፈል ብላ ወጣች። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ራሳቸውን ነቅንቀው ሳቁ። ሲሥቁ ግን መስኮቱን እያዩ ነበር።

በሳምንቱ ዘገዬና ሌሎች ተሰብስበው መስኮቱ ካልተደፈነ አንመጣም አሉ። አድነው አናጢ ጠርቶ ከውስጥ በጣውላ አስመታው፤ በላዩ መጋረጃ አደረገበት። ተካልኝ ሲሰማ በሩ ሁልጊዜ ክፍት መሆን አለበት አለ። ድንጋይ አምጥቶ በሩ ሥር አስቀመጠ። ደንበኞቹ ብርድ ገባ እያሉ፣ አስካሪው፣ ዘበኛው ማለት ነው፣ እያየን ነው እያሉ፣ ድንጋዩን በእግራቸው እየገፉ ይዘጉታል። እሱ ይከፍታል፤ እነሱ ይዘጋሉ።

ከዚያ ኤልኒኞ መጣ። ናይሮቢ የነበረ ሰው ያንን ዝናብ አይረሳውም። ከኦክቶበር ጀምሮ ያለማቋረጥ ወረደ፤ ከሰል የሚጭኑ መኪኖች ጭቃ ውስጥ ቀሩ። ገበያ የሚገኘው እርጥብና ያልበሰለ ከሰል ብቻ ሆነ። ጓሮው ኩሬ ሆነና ጂኮ ማቀጣጠል አልተቻለም። አድነው ቆርቆሮ ጣል አድርጎ ጥላ እንደመሥራት፣ ጂኮውን ከነፍሙ አንስታችሁ ወደ ሺሻው ክፍል ጥግ አስገቡት አለ። ይህ በአንድ ቆርቆሮ የሚያልቅ ነገር ነበር።

ተካልኝ ያን ቀን የተባባሉትን ኪሌሌሽዋ ቤቴ መጥቶ ነግሮኛል፤ ወጥ ቤቱ ከሊድም አረጋግጦልኛል። ደንበኞች ተቀምጠው ነበር።

«ወይ ጂኮው ይውጣ፣ ወይ ጣውላው ይነሳ» አለ ተካልኝ።

«ጭስ ይታይሃል?» አለው አድነው።

«የሚገድለው የማይታየው ነው።»

«እንግዲያው የማይታይ ነገር የሚያስፈራህ ከሆነ ጸልይ፤ ጴንጤ አይደለህ እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሣቀ። ዘገዬም ሣቀ። ሲነግረኝ ተካልኝ ራሱ ፈገግ ብሎ ነበር፤ እኔ አልሣቅሁም። ሥራውን እንዲተው ነገርኩት። ወገቡ የተጎዳ፣ የሥራ ፈቃድ የሌለው ስደተኛ ማን እንደሚቀጥረው ጠየቀኝ። ቢያንስ እኔ እያለሁ በሩን እከፍትላቸዋለሁ፤ እኔ ከሄድኩ የሚከፍትላቸውም የለም አለኝ።

በጃንዋሪ 1998፣ አንድ ዝናባማ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሞተ።

ከሊድ ያየው ይህን ነው። ተካልኝ ጥቂት ወጥ ቤት ከቆየ በኋላ ፍሙን ሊያዞር ሄደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር ከሊድ ከወጥ ቤት ሆኖ ምንም አልሰማም። የዕቃ እጣቢ ሊደፋ ሲወጣ ሦስት ሰዎች ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ግድግዳ ተደግፈው አገኘ፤ አንዱ ያስመልሳል። ተካልኝ የት እንዳለ ጠየቃቸው። አፍንጫውን በሽርጡ ይዞ ገባና ወንድሜን ወለሉ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘው። ጎትቶ አወጣው፤ ውሃ አፈሰሰበት፤ ደረቱን ገፋ። ቀና ሲል ሦስቱ ሰዎች አልነበሩም። በታክሲ ሄደዋል።

የሆስፒታሉ ሐኪም የገደለው የከሰል ጋዝ መሆኑን ነገረን፤ ወረቀቱም ላይ እንዲሁ ጻፈ። ፖሊስ አድነው ቤት ሲደርስ ግን ጣውላው ተነቅሎ፣ ጂኮው ጓሮ ወጥቶ፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ነበር። አድነው ሠራተኛዬ ልቡን ያመው ነበር አለ። ከሊድ ያየውን ተናገረ፤ ተጨማሪ ምስክር አለ ወይ ሲሉት፣ ሦስት ስም ሰጠ። ሦስቱም አልነበርንም አሉ። ስማቸውን ለእኔም በሆስፒታሉ ኮሪደር ነገረኝ። አንዱ ዘገዬ ነው።

ጽጌረዳ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ካሳ አላለች፣ እስር አላለች። መጨረሻ ያየው ሰው መጥቶ ምን እንዳለ እንዲነግራት ነው። ለቅሶ ለመድረስ የገባውን ሰው ሁሉ፣ ተናግሮ ነበር ወይ፣ ጠርቶኛል ወይ እያለች ትጠይቃለች። ከሊድ ሲደርስለት ተካልኝ ድምፅ አልነበረውም። የሚያውቁት ሦስቱ ብቻ ናቸው።

ከቀብሩ በፊት በነበረው ቀን ዘገዬ ጽጌረዳ ቤት መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጸሎት አድርጎ፣ አጽናንቶ ተቀመጠ። ከዚያ የሕይወት ታሪኩን ጽፌ እንደሆነ ጠየቀኝና ወረቀቱን ተቀበለኝ። ሲያነብ ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«እህት ሚልካ» አለኝ፣ «ይቺ ሺሻ የምትለዋ ለምን ታስፈልጋለች? በምግብ ዝግጅት ሥራ ተሰማርቶ ነበር ብንል ይበቃል። መጨረሻው ላይም፣ ባደረበት ድንገተኛ ሕመም ብንለው። ለቤተሰቡ ክብር ነው።»

«ወንድም ዘገዬ» አልኩት፣ «የእርስዎ ራስ ምታት ተሻለዎት?»

ጉንፋን እንደነበረ ተናገረ። ማንም ጉንፋን አላለውም። ጽጌረዳ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ሆና አየችው፤ የገባት ያኔ ነው። ከፊቱ ወርዳ ተንበረከከችና እጁን ያዘች፤ ምንም አላደርግዎትም፣ የተናገረውን ብቻ ይንገሩኝ አለችው። እጁን ከእጇ አውጥቶ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብሎ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ለእኔ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይሆን ነገር የሚነበብበት ቀብር ላይ አትገኝም፣ አስቢበት አለኝ።

አሰብኩበት። ሦስቱንም ስም በወረቀቱ ላይ ለመጻፍ ብዕር አነሳሁ። ያስቆመችኝ ጽጌረዳ ናት። ቀብሩ ላይ ስም አትጥሪ አለችኝ፤ ተገዶ የሚናገር ሰው የሚመቸውን ነው የሚናገረው፣ ራሱ ወዶ የመጣ እንደሆነ ግን አምነዋለሁ አለች። እሺ አልኳት። «ሺሻ» የምትለውን ቃል ግን አልነካሁም።

ላንጋታ መቃብር ሰው ሞልቶ ነበር። የማይመጡ ሁሉ መጡ፤ አለመምጣት ራሱ ጥርጣሬ እንደሚያመጣ የገባቸው ይመስለኛል። ፓስተሩ ከጸለዩ በኋላ ቆሜ አነበብኩ። ትውልዱን፣ ትምህርቱን፣ ስደቱን፣ ኢምባካሲን። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ ከ1995 ጀምሮ የሺሻ ከሰል ያዥ ነበር፤ ሥራውን ያውቅ ነበር። መስኮቱን ሰዎች እንዳይታዩ አስደፈኑት። ከሰሉን አሠሪው ክፍል ውስጥ አስገባው። ጋዝ ሲሞላ ተካልኝ ከውጭ ገብቶ ሦስት ሰዎችን አወጣ። ሦስቱም ዛሬ እዚህ ቆመዋል። ባለቤቱ የመጨረሻ ቃሉን መስማት ትፈልጋለች።

ዘገዬ ለመዘምራኑ ምልክት ሰጠ። መዝሙር ጀመሩ። ጽጌረዳ በተቀመጠችበት እጇን አነሣች፤ አንድ በአንድ ድምፃቸውን አቋረጡ። መቃብር ቆፋሪዎቹ ቋንቋውን ባያውቁም አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔም ወረቀቱን አላጠፍኩም።

የተንቀሳቀሰው ሐብተማርያም ነው። ሐብተማርያም የምሠራበት ድርጅት ሒሳብ ክፍል ሹም ነው፤ በየቀኑ ደረጃ ላይ ሰላም የምለው፣ ቢሮ ውስጥ ለለቅሶው መዋጮ የሰበሰበውም እሱ ራሱ። ከሰው መሀል ወጥቶ ጽጌረዳ ፊት ቆመ።

«እኔ ነበርኩ» አላት። «መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አለዎት?»

ተካልኝ በሩን በርግዶ ሲገባ እሱ መነሣት አቅቶት እንደነበር ተናገረ። ሁለቱን በክንዳቸው ጎትቶ አወጣ፤ ተመልሶ እሱን በብብቱ ይዞ አወጣው። ክፈፉ ሥር አስቀመጠውና ፊቱን ወደ ዝናቡ አዞረለት፤ ይተንፍሱ ጋሼ፣ ዝናብ አይገድልም አለው። ራሱም ያስል ነበር።

«መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ቀረ አልኩት» አለ ሐብተማርያም። «ከቸርች በቀጥታ ነበር የመጣሁት። ስሜ ተጽፎበታል። ፖሊስ ቢመጣ፣ ሰው ቢያገኘው፣ አልኩት። አይነሡ፣ አመጣልዎታለሁ አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም።»

«አመጣልዎት?»

«አላመጣም።»

መጽሐፍ ቅዱሱ አሁን ሐብተማርያም ብብት ሥር ነበር። አድነው በማግስቱ መልሶለታል። ሐብተማርያም መያዙን ያስታወሰው ሰው ሁሉ ሲያይበት ነው፤ ምን እንደሚያደርገው አላወቀም፣ ወደ ጀርባው አዞረው። ጽጌረዳ አየችውና፣ «እንኳን ተገኘልዎት» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጨርሺው አለችኝ።

የቀረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ትቼ ሌላ አነበብኩ። ተካልኝ የሞተው በድንገተኛ ሕመም አይደለም፤ የሰው መጽሐፍ ቅዱስ ሊያመጣ ወደ ከሰል ጋዝ ተመልሶ ገብቶ ነው አልኩ። ዘገዬ ሰዓቱን ያይ ነበር።

ሐብተማርያም በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። ጣውላውን፣ ጂኮውን፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ሁሉ ተናገረ። ይቅር አላልኩትም፤ ግን ሄዷል፣ መሄዱ ይጻፍለት። የአድነው ጉዳይ ይህን ስጽፍ እየታየ ነው። የቀሩት ሁለቱ ሰዎች እንደገና ተጠርተው ሲጠየቁ በዚያ እሑድ ቤታቸው ተኝተው እንደነበር ተናግረዋል። አንዱ ዘገዬ ነው፤ ዛሬም የለቅሶ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ሌላው ብርሃነመስቀል ይባላል፤ ኢምባካሲ፣ ጭነት ክፍል ይሠራል፣ እሑድ እሑድ ከፊት ወንበር ይቀመጣል። ጽጌረዳ ስም አትጥሪ ያለችኝ ለቀብሩ ነበር።